ለአንድ ዓመት የሚሆን ሰው

ሥራ የጀመርኩ ቀን የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ዳሪል ሁለት ነገር ነገረኝ። "ከረጢቱ ሳይቆለፍ ማሽን ውስጥ አይገባም። ተጫዋች ቀድሞ ካላናገረሽ አታናግሪ።" ቦታው አትላንታ ውስጥ ያለ የአንድ ፉትቦል ቡድን ልምምድ ማዕከል ነው፤ በእግር ሳይሆን በእጅ የሚጫወቱት፣ አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት። የገባሁት በኤጀንሲ፣ በጊዜያዊነት፣ ልብስ አጣቢ ሆኜ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሁለቱን መመሪያ እንዳልረሳ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ።

ሥራው ይህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ ያለበት የመረብ ከረጢት አለው። ካልሲውንና የውስጥ ልብሱን እዚያ ከቶ በትልቅ መርፌ ቁልፍ ይቆልፈዋል። እኛ ከነከረጢቱ አጥበን ከነከረጢቱ እናደርቃለን። ሳይቆለፍ ከገባ የአንዱ ካልሲ ሌላው ጋ ይገኛል፤ በር የማይበቃቸው ወንዶች በካልሲ ሲጣሉ አይቻለሁ። ማልያ ደግሞ ተገልብጦ፣ የሣሩ እድፍ በለስላሳ ብሩሽ ታሽቶ ነው የሚገባው። ፓይን ሌክ ያለው ቤቴ ከደረስኩ በኋላ "ቆልፌው ይሆን?" ብዬ የተመለስኩባቸው ቀኖች አሉ።

"ቡድኑ እየታደሰ ነው" ይሉ ነበር። እየታደሰ ነው ማለት ይሸነፋል ማለት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ቡድኑን የሚመራው ሰው፣ አልነበራቸውም። አዲስ ያመጡት ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ገና ጥሬ ነው ተባለ። ስለዚህ ልጁ እስኪበስል ቦታውን የሚይዝ፣ ለአንድ ዓመት የሚሆን ሰው መፈለግ ጀመሩ። ሰውየው ጥሩ መሆን አለበት፤ ልጁን እስኪያስረሳ ድረስ ግን ጥሩ መሆን የለበትም።

ለዚህ ሰው ሲሉ ስድስት ኃላፊዎች ፎቅ ላይ ሦስት ሳምንት ተሰበሰቡ። ግድግዳው የተጫዋች ስም በተጻፈበት ባለቀለም ካርድ ተሞላ። ፎጣ ሳደርስ አየዋለሁ፤ ጠዋት ላይኛው ረድፍ የነበረው ከሰዓት ከታች ነው።

አብረውኝ ፎጣ የሚያጥፉት እትዬ አስካለ ተገረሙ። "ለአንድ ዓመት ሰው ነው ይኼ ሁሉ? የእኔን ባል አባቴ በአንድ ከሰዓት መረጡልኝ፤ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት።"

"ጥሩ ሰው ሆኑልዎት?"

"አልሆነም። ግን ስብሰባ አልፈጀም።"

በዚያው ሰሞን ዳሪል በሩ ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። "ሚስ ወርቄ፣ የፉልታይም ቦታ ተከፍቷል። ትፈልጊዋለሽ?"

መፈለጉንስ እፈልገዋለሁ። ልጄ ቤዛ አስም አለባት። ኤጀንሲው የጤና ኢንሹራንስ የለውም፣ ፉልታይሙ፣ ማለትም ቋሚው ሥራ፣ አለው።

"አይ፣ ኖ፣ ኖ" አልኩት። "ለሌላ ሰው ስጠው።"

"ኦኬ" ብሎ ሄደ።

እኔ ባደግኩበት ቤት፣ ደብረ ብርሃን፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ዐይን አውጣ ነው። ቢያንስ "በሞቴ" እስኪባል ይጠበቃል። እኔም ጠበቅኩ። ፎጣ ይዤ በዳሪል ቢሮ በር ተመላለስኩ፤ ፎጣ በማያስፈልግበት ሰዓት ሁሉ። በሦስተኛው ቀን የቅጥር ማስታወቂያ ለጠፈ።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "አንቺ ልጅ! እሱ እኮ የደብረ ብርሃን ሰው አይደለም!"

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ኳርተርባኮች ለሙከራ መጡ። የመጀመሪያው ከረጢቱን ሳይቆልፍ ከሩቅ ወረወረው፤ ሳተ። ሁለተኛው ለአንድ ገላ መታጠብ ዘጠኝ ፎጣ ጨረሰ። ሦስተኛው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሥራ ሽማግሌ ይባላል። ከረጢቱን ቆልፎ፣ መቆለፉን በጣቱ ሳብ አድርጎ ፈትሾ "ቴንኪው፣ ማም" አለኝ። እኔም የምፈትሸው እንደዚያው ነው።

በሙከራው የመጨረሻ ቀን ሽማግሌው በልብስ ማጠቢያው መስኮት ከረጢቱን ሲያቀብለኝ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ካርዶቹን ይዞ መጣ።

"ልጁ ሲደርስ ቦታውን ትለቅለታለህ?"

"እለቅለታለሁ። እስከዚያ ግን ቦታውን እፈልገዋለሁ።"

"ልታስብበት ትችላለህ።"

"ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ።"

ሥራ አስኪያጁ ካርዶቹን አየ፣ ኪሱ ከተታቸው፣ ተጨባበጡ። የሦስት ሳምንት ስብሰባ ከረጢት እስክቀበል አለቀ።

ከረጢቱን እንደያዝኩ ዳሪል ቢሮ ገባሁ። "ፉልታይሙን እፈልገዋለሁ።"

"አልፈልግም ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"አዎ። ድጋሚ ስትጠይቀኝ እሺ ልል ነበር።"

"ለምን ድጋሚ እጠይቅሻለሁ?"

የከረጢቱን ቁልፍ በጣቴ ሳብ አድርጌ ፈተሽኩ።

ዳሪል ግንባሩን አሸ። ቦታውን ለሌላ ሴት ሰጥቶታል። "ሴትየዋ መጀመር የምትችለው ግን የውድድር ሲዝኑ ሲያልቅ ነው" አለ። "እስከዚያ አንቺ..."

"እፈልገዋለሁ" አልኩ፣ ሳይጨርስ። "ከነኢንሹራንሱ።"

"ከነኢንሹራንሱ" አለና ሳቀ።

ሽማግሌው ስምንት ጨዋታ መራ፣ ስድስቱን ተሸነፈ። ኃላፊዎቹ ዕቅዱ እየሠራ ነው አሉ። ከዚያ ልጁ ገባ። ሽማግሌው ከዳር ቆሞ በእጁ እየጠቆመ ያሳየው ነበር። የመጨረሻ ቀኑ ባዶ ከረጢቱን አጣጥፎ መለሰልኝ፤ መርፌ ቁልፉ ተቆልፏል። ሲዝኑ እንዳለቀ የልጁ ጉልበት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ፎቅ ላይ ካርዶቹ ተመልሰው ተለጠፉ፤ ለአንድ ዓመት የሚሆን ሰው ይፈለጋል።

ፉልታይሙ የተሰጣት ሴት ብሩክሄቨን ከተማ ሌላ ሥራ አግኝታ ቀረች። ዳሪል "ለጊዜው ቀጥይ" አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ እሺ አልኩ። "ለጊዜው" ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ቤዛ የአስም መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔ አሁንም መያዟን ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች ሁለት ነገር እነግራለሁ። ከረጢቱ ሳይቆለፍ ማሽን ውስጥ አይገባም። የምትፈልጉትን ነገር ሲጠይቋችሁ በመጀመሪያው እሺ በሉ፤ ድጋሚ የሚጠይቅ የለም።