የሲስተር የኔአለም ሽማግሌ

አቶ ይታያል ወልደ ሰንበት ታረቀ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. ከጉንደ ወይን ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ዕለቲቱን እናታቸው በኅዳር ሚካኤል በዓል ይዘዋት ነበርና ጥርጥር የለባትም። መተዳደሪያቸው እርሻ ነው፤ ስማቸው የተጠራው ግን በሽምግልና ነው። ለልጁ ሚስት የሚሻ አባት ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ከእሳቸው ደጅ ነበር።

ዘዴያቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መቆም ነው። በአገሩ ልማድ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ የልጅቱ አባት «እሺ» ሳይል አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። ሌሎቹ ሽማግሎች ጥቂት ቆመው ወገባቸውን ሲያማቸው ቀጠሮ ተቀብለው ይመለሳሉ። አቶ ይታያል ግን በትራቸውን ተደግፈው እንደ ጥድ ይተከላሉ፤ የግቢው ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶት እግራቸው ሥር ይተኛል። በቤታቸው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አልጣሽ በቀን ሁለት ቃል የማይናገሩት ሰው፣ በሰው ደጅ ስለ ትዳር ጣዕም ሲናገሩ አንደበታቸው ማር ነው። ወይዘሮ አልጣሽም አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌ ልከው ባላቸውን ወደ ቤት እንደሚያስጠይቁ ለጎረቤት ይናገሩ ነበር።

በ፳፻፲፬ ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት አቶ አስማማው የተባሉ ጎረቤታቸው መጡ። ያስጨነቀቻቸው ልጃቸው የኔአለም ናት። ነርስነት ልትማር አዲስ አበባ ሄዳ ካቶሊክ ሆነች፤ ቀጥላም ከካቶሊክ ደናግል ማኅበር ገባች። አሁን በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ደናግሉ በሚያስተዳድሩት አነስተኛ ክሊኒክ ሕሙማንን ታክማለች። አባቷ ስድስት ዓመት ሙሉ አላነጋገሯትም።

ምንኵስና ለአቶ አስማማው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የገዛ እናታቸው ቆብ ደፍተው ነው ያረፉት። ይሁን እንጂ እሳቸው የሚያውቋት መነኵሲት ወልዳ፣ ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ የመነነች ናት። ገና በወጣትነቷ ዓለምን የተወች ልጅ ሳይታረስ ጦም ያደረ መሬት መሰለቻቸው። የሰው ልጅ የመንደሩን ልማድ የዓለም ሁሉ ልክ አድርጎ ማየቱ የቆየ ስሕተቱ ነው። እነሆ ፈቃዱ የተባለ የእህል ነጋዴ ሚስት ይፈልጋል፤ አቶ ይታያል ሄደው ልጅቱን ያሳምኑላቸው ዘንድ ለመኗቸው።

አቶ ይታያል ነገሩን ሲያጠያይቁ አንድ ወሬ አገኙ፤ ልጅቱ መሐላዋን የምታድሰው በየዓመቱ ነው፤ የዘንድሮውም በግንቦት ያበቃል። ፊታቸው በራ። በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ቢኖር እሳቸው የሚያውቁት የእኩል እርሻ ውል ነው፤ ውሉ ባበቃ ጊዜ ቀድሞ የደረሰ ገበሬ መሬቱን ያገኛል። ይህንኑ ለአቶ አስማማው በእርጋታ አስረድተው በአውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ደብረ ማርቆስ አድረውም ጠዋት በሁለት ሰዓት ክሊኒኩ ደጃፍ ተገኙ።

ሲስተር የኔአለም የመጡበትን ጉዳይ ሰምታ ፈገግ አለችና፣ ወረፋው እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ እንዲጠብቋት ነገረቻቸው። እሳቸው ግን በሩ አጠገብ ቆሙ። ሕሙማኑ ዘበኛ መስለዋቸው ተራ ይጠይቋቸው ጀመር፤ ሥርዐት የሚወዱ ሰው ናቸውና ተራ ማስያዙን ተያያዙት። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ሰው ሳይጋፋ ታከመ። በመጨረሻ ግን ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ በሩንም ተደገፉ። ሲስተር የኔአለም ወጥታ ክንዳቸውን ይዛ የደም ግፊታቸውን ለካች።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

«መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም፣ ልጄ።»

«መልሱ አይሆንም ነው። አሁን ይቀመጣሉ ወይስ ወድቀው ላንሳዎት?»

ተቀመጡ። «አይሆንም» ተብለው ሲቀመጡ በሽምግልና ዘመናቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ምሳ አቀረበችላቸው፤ እየበሉም ስለ ውሉ ነገሯት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በየዓመቱ መታደሱ ለፈተና እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ ማንም በስሜት ተነሥቶ እንዳይምል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ እሷም ስድስት ዓመት አስባበት ግንቦት ፲፬ ቀን ለዘላለም እንደምትምል አስረዳቻቸው። ባል ያላገባችው ትዳርን ንቃ አልነበረም፤ ለአንድ ቤት የሚበቃውን ልቧን ለዚህ ሁሉ ወረፋ ልታደርገው ወድዳ እንጂ። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ማኅበሩ የአባት ፈቃድ አይጠይቅም፤ እሷ ግን ያለ አባቷ ምርቃት ብትምል ዕድሜ ልኳን እያነከሰች እንደምትሄድ ታውቀዋለች።

«እርስዎ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለች።

አቶ ይታያል ጢማቸውን አሻሹ። «ለማን ብዬ ልጠይቅሽ? ሙሽራው ሰባት ቤት ሊቆጠርለት ይገባል።»

«አርባ ሁለት ትውልድ ተቆጥሮለታል። ማቴዎስ ጽፎታል።»

አቶ ይታያል በትራቸውን አንሥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዳግማ ትንሣኤ እሑድ አቶ ይታያል ከአቶ አስማማው ግቢ ገብተው ቆሙ።

«አያ ይታያል፣ ምነው ቆሙ? የላክሁዎት እኔ አይደለሁ?»

«አንተስ ልከኸኝ ነበር። ዛሬ የላከችኝ ልጅህ ናት። ምርቃትህን ልጠይቅ መጣሁ።»

አቶ አስማማው ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሽማግሌው ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመው ተመለሱ፤ በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ሰባቱን አጽዋማት ሳያጓድሉ የሚጾሙት ሰው ካቶሊክ ሆኑ ተብሎ በገበያ ተወራ። ወይዘሮ አልጣሽ ባላቸው ካቶሊክ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ ዜናውን ለመንገር አፋቸውን ይከፍቱ እንደ ነበር ለጠያቂ ሁሉ መለሱ።

በሦስተኛው እሑድ ዝናብ ጣለ። አቶ ይታያል ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እኩለ ቀን ገደማ በሩ ተከፈተ።

«እናቴ እንኳ ወልዳ ከብዳ ነው የመነኰሰችው» አሉ አቶ አስማማው። «እሷን ምን አስቸኰላት?»

«እኛ ለእግዚአብሔር የምንሰጠው የዕድሜያችንን ትራፊ ነው፤ ጥርሳችን ሲያልቅ ጾመኞች እንሆናለን። ልጅህ በኵራቱን ሰጠች። ማፈር የሚገባው ማን እንደ ሆነ አንተው ፍረድ።»

«ሃይማኖቴን አልለውጥም።»

«ማን ጠየቀህ? እኔስ መች ለወጥሁ? የተለወጠ ቢኖር እግሬ ነው፤ አብጧል።»

አቶ አስማማው ስድስት ዓመት ያልጠሩትን የልጃቸውን ስም በለሆሳስ ጠሩ። ከዚያ በርጩማ አውጥተው በነጠላቸው ጠረጉትና «ይቀመጡ» አሉ።

ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም. ሲስተር የኔአለም ዘላለማዊ መሐላዋን ፈጸመች። አባቷ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ቆዩ፤ ስትወጣም እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ስድስት ዓመት የተለያዩትን አባትና ልጅ ያስታረቁት አቶ ይታያል ወልደ ሰንበት ናቸው።