ሳይረጭ የሚቀረው መደብ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እትዬ ሰናይት፣ ከረጩት መድኃኒት የተረፈ ካለ ትንሽ ያቀብሉኝ፤ ነጭ ዝንብ ቲማቲማችንን ጨረሰው» አለችኝ። እጄን ወደ ጠርሙሱ ዘርግቼ መለስኩት። ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ደምሴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ በግንብ ላይ ያቀበልኩ ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ኩዌት ውስጥ ባያን በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የኮሮና ሁለተኛ ዓመት ነው። የዓርብ ዕረፍታችን ቀርቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቷል፣ ከአመሻሹ ጀምሮ መንገድ ላይ ሰው አይታይም። ማዳም ቤት መቀመጡ ሲሰለቻት ጣሪያው ላይ፣ እነሱ ሰጥሕ በሚሉት፣ በትልልቅ ሳጥኖች ቲማቲም አስተከለችኝ። የጣሪያውን በር ቁልፍም ለእኔ ሰጠችኝ።

ያ ቁልፍ ምን እንደነበር ቤት ተዘግቶበት የማያውቅ ሰው አይገባውም። ላይ ስወጣ ሰማይ አለ፤ ጨው ጨው የሚል የባሕር ነፋስ አለ፤ ከግንቡ ማዶ ደግሞ እንደ እኔው ጣሪያ ላይ ቲማቲም የምትንከባከብ የጎረቤት ቪላ ሠራተኛ፣ ወርቄ አለች። ዐቢይ ጾም ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ቲማቲሞች በቃሪያና በሎሚ አሽቼ፣ ኹብዝ የሚሉትን ቂጣቸውን ፈተፈትኩበትና እሷ ወዲያ እኔ ወዲህ ሆነን በላን። ወርቄ ፕሮቴስታንት ናትና ጾሙ አይመለከታትም፤ ፍትፍቱ ግን ይመለከታት ነበር።

ነጭ ዝንቡ የመጣው ያኔ ነው። ቅጠሉን ስነካው እንደ ዱቄት ብን ይላል። ከሹዌኽ መጋዘን አፈርና ችግኝ የሚያመጣልን ሾፌር፣ ደምሴ፣ መድኃኒት አመጣልኝ። ረጨሁት፤ ሞቱ። ደስ ብሎኝ ጠርሙሱን በግንቡ ላይ ለወርቄ አቀበልኳት፤ እሷም ከእሷ ወዲያ ባለው ጣሪያ ቲማቲም ለተከለችው የአገራችን ልጅ አቀበለች። ጨው እየተበዳደርን ያደግን ሴቶች አይደለን? እንግዳ ሲበዛ ወጡን እንደምናቀጥነው፣ እንዲበረክት ውሃ ጨመር እያደረግን ያንኑ መድኃኒት ሦስቱ ጣሪያዎች ላይ አዞርነው። እየቆየ ግን ስንረጭ ዝንቦቹ የሚስቁብን መሰለኝ።

ማዳም ቢጫ የሆነውን ቅጠል አይታ ተቆጣች። «ኻላስ፣ በቃ! በቶሎ ካልተሻለው ሁሉም ይነቀላል፣ በሩም ይቆለፋል።»

ደምሴ አፈር ተሸክሞ ሲወጣ ነገርኩት። ልጅነቱን አዋሽ ዳር፣ ጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ያሳለፈ ሰው ነው።

«አቅጥናችሁ ነው የረጫችሁት?» አለኝ።

«እንዲበረክት ብለን ነዋ!»

«ዝንቡ በረከተላችሁ! ደካሞቹን ገደላችሁ፣ ጠንካሮቹን ለዘር መረጣችሁ። አሁን መድኃኒቱን ተላምደውታል። እኛንም የጥጥ ትል ጉድ የሠራን እንዲሁ ስናደርግ ነው።»

«ወይ ጉዴ!» አለች ወርቄ ከማዶ፣ «እኔኮ የመጨረሻዋን ጠብታ ዛሬ ነው አብቃቅቼ የረጨሁት!»

ያንን ጠርሙስ ሦስታችንም ልንተወው ተስማማን። ቅጠሉን በሳሙና ውሃ እናጥባለን፤ ደምሴ የሚያመጣውን፣ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት ሁላችንም በአንድ ቀን፣ በልኩ እንረጫለን። በየጣሪያው ግን አንድ ሳጥን ሳይረጭ ይቅር አለ ደምሴ።

«ቀለብ ልንሰፍርላቸው ነው?» አልኩት።

«መድኃኒት ያልተላመዱት እዚያ ይተርፋሉ። ከርጭቱ ያመለጠ ጠንካራ ወንድ ሚስት ሲፈልግ እንደ ራሱ ጠንካራዋን ሳይሆን ከእነዚህ አንዷን ያገኛል። ከልጆቻቸው ብዙዎቹን መድኃኒቱ ይገድላቸዋል።»

«ለዝንብ ሽማግሌ ልትልክ ነዋ!»

«ለዝንብም ነው» አለና አየኝ። ወርቄ ከማዶ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ያልገባኝ መስዬ ቅጠል መልቀም ጀመርኩ።

ማዳም ስትወጣ ያልተረጨው ሳጥን ላይ ዝንቡ ሰፍሯል። «ይሄንን ለምን ተውሽው?» አለችኝ። የማውቀውን ዐረብኛ ሁሉ አወጣሁ፤ ያልበቃውን በእጄ አስረዳኋት፤ ሙሽራውንም ሙሽሪትንም በጣቶቼ አሳየኋት። ቁልፉን በኪሴ ጨብጬ ፊቷን ፊቷን አያለሁ።

«ሰው ሰርግ ተከልክሎ፣ የእኔ ሰጥሕ ላይ ዝንብ ይዳራል?» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ግንቡን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በይ እሺ፣ ሰርጉ እስኪያልቅ ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ።»

ዝንቡ ጨርሶ አልጠፋም፤ ደምሴም ይጠፋል አላለም። አዲሱ ቅጠል ግን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ቲማቲሙ ቀላ። ማዳም በቅርጫት ሞልታ ለእናቷ ወሰደች። ትልቁ ሙቀት እስኪገባ በላን፤ ቁልፉንም የጠየቀኝ የለም።

ሽማግሌ መሰብሰብ በማይቻልበት በዚያ ዘመን ደምሴ ወርቄን ብቻዋን ላከ። በግንቡ ላይ ብቅ ብላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ስትል፣ እኔም እንደ እናትም እንደ ልጅም ሆኜ መለስኩላት፦ «መጀመሪያ ጭምብሉን ያውልቅና ፊቱን ልየው!»

አወለቀ። አየሁት። ተጋባን፤ አገራችን ገብተን እዚህ መቂ ቲማቲም የምናመርት ገበሬዎች ሆንን።

ለአልማዝ ጠርሙሱን አልሰጠኋትም፤ ነገ ሌላ ዓይነት ገዝተን በአንድ ቀን እንረጫለን፤ ከየማሳችን አንድ አንድ መደብ ትተን። «ቀለብ ልንሰፍርላቸው ነው?» አለችኝ፤ ቃል በቃል።

ሰዎች ሐዘኑን በሥራ እርሺው ይሉኛል። እሠራለሁ። ግን ለሐዘኔም አንድ መደብ እተውለታለሁ፤ ሁሉን ካላጠፋሁ ብዬ ስታገለው ይበልጥ ይጠነክርብኛል። አሁንም ሳይረጭ ከሚቀረው መደብ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቀስ እያልኩ ይህን ስጽፍ፣ ነፋስ ቅጠሉን ነካ ሲያደርገው ነጫጮቹ ብን አሉ።

ሰርግ ሳይኖራቸው አይቀርም።