ለቀዩ እባብ የረጨሁት ጸበል

የመጀመሪያው ጥፋት የአፌ ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ የቤት እንስሳ ካልኖረኝ ብላ ለወራት ነዘነዘችኝ። እኔ ደግሞ ጸሎት በሚደረግበት ቤት ውሻ ሲመላለስ አልወድም። አንድ ቀን ለሥራ እየተቻኮልኩ ሳለ፣ “ውሻ ብቻ አይሁን እንጂ የፈለግሽውን አምጪ!” አልኳት። በሐሳቤ የነበረው ዓሣ ነው። በሳምንቱ የሳይንስ አስተማሪዋ ቤት ከተፈለፈሉ የእባብ ግልገሎች ሁለቱን በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ከተፍ አለች።

“ኮርን ስኔክ ናቸው፣ ማሚ። መርዝ የላቸውም፤ ሱፐር ጄንትል ናቸው። ፕሮሚስ አድርገሻል እኮ!”

ቃል መግባቴ እውነት ነው። እግዜር ይይልሽ ብዬ መኝታ ቤቴ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ።

ግልገሎቹ ከእርሳስ ትንሽ ይረዝማሉ፤ ውፍረታቸው የጫማ ማሰሪያ ቢያህል ነው። አንዱ ቀይ ነው፣ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት። ሌላው አመድማ ነው። ለየብቻ ሣጥን ሰጠቻቸው፤ ትንንሾች አንድ ላይ ከተቀመጡ ይጨነቃሉ፣ ሊበላሉም ይችላሉ አለችኝ። ሣጥኖቹ ክዳናቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ነበር። ከሥር በአንድ ወገን የምታሞቅ ምንጣፍ፣ ከላይ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አንድ መደበቂያ፣ አንድ የውሃ ሳህን። በሳምንት አንዴ ፀጉር ያላወጣ የአይጥ ልጅ ይበላሉ። የአይጥ ልጆቹ እንደ በረዶ ደርቀው ፍሪዘሬ ውስጥ ከዶሮው ጎን ተቀመጡ፤ እኔም ሁለት ሳምንት ፍሪዘሬን ሳልከፍት ኖርኩ። ከበሉ በኋላ ሁለት ቀን አይነኩም፤ ከተነኩ ይመልሱታል። ይህን ሁሉ ልጄ በደብተር ጻፈችው። የቤት ሥራዋን በልመና የምትሠራ ልጅ፣ ማን መቼ እንደበላ፣ ማን መቼ ቆዳውን እንደቀየረ በቀንና በሰዓት ትጽፍ ጀመር። ሳድግ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ያለችኝም በዚያው ሰሞን ነው።

የምሠራው አውሮራ ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል። ስለዚህ ልጄ ለትምህርት ቤት ከወጣች በኋላ ጠዋት ጠዋት ቤት የምቀረው እኔና እባቦቹ ነን። እኔ ስለ እባብ የማውቀው ሔዋንን ያሳሳታት መሆኑን ነው፤ የተቀረውን ለማወቅም አልፈለግኩም። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጸበል ፍሪጅ ላይ በውሃ ጠርሙስ ተቀምጧል። ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ እጠጣዋለሁ፣ ቤቱንም እረጫለሁ። እባቦቹ ከመጡ ወዲህ በስመ አብ ብዬ የልጄን ክፍል መርጨት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከበሩ ላይ ሆኜ ነበር። ቀን በቀን እየደፈርኩ ሣጥኖቹ ጋ ደረስኩ።

አንድ ቀን ከክዳኑ ቀዳዳ ሾልካ የገባች ጠብታ የሣጥኑ ግድግዳ ላይ ስትወርድ ቀዩ ከመደበቂያው ወጣ። ምላሱን ብልጭ ብልጭ አድርጎ ጠብታዋን ሲነካት አየሁት። ከዚያ ጠጣ። እኔን ሳቅ ያዘኝ። “አንተ የተረገምክ፣ አንተም ጸበልተኛ ሆንክ?” አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ክዳኑን ከፍቼ እረጭለት ጀመር፤ ለአመድማው ግን ተደብቆ ስለሚውል ክዳኑ ላይ ብቻ ጠብ አደርግለት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቀዩን ወደድኩት። ብቻዬን በምሆንበት ጠዋት ድምፄን ሰምቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለልጄ አልነገርኳትም። እባብ ጠልቼ አገር ይያዝልኝ ያልኩ ሴት በምን አፌ?

ልጄ በሣጥኖቹ ውስጥ እርጥበት የሚለካ ትንሽ ዕቃ አኑራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለሥራ ስነሣ ደብተሯን ይዛ መጣች።

“ማሚ፣ የቀዩ ሂውሚዲቲ ለምን እንደዚህ ሃይ እንደሆነ አይ ዶንት ጌት ኢት። የውሃ ሳህኑን ስሞል አደረግኩት፣ ቀዳዳ ጨመርኩ። የግራጫው ግን ፋይን ነው።”

“እኔ ስለ እባብ ምን አውቃለሁ?” አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ የማልዋሽበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ አስቤ ነበር። ፍቅፋቂው ከሥር እየበሰበሰ እንደሆነ እኔ አላወቅኩም። እሷ ትቀይረዋለች፣ እኔ በማግስቱ አርሰዋለሁ።

ከዚያ ቀዩ ምግብ እምቢ አለ። አፉን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ወደ ላይ ቀና ያደርግ ጀመር፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ደረቱ ውስጥ ስስ ፉጨት ሰማሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሳንባቸው ውሃ የቋጠረ ሽማግሌዎችን ደግፌ ቀና የማደርግ ሰው ነኝ። ሕመምተኛ ሲገኝ ደግሞ እኛ ዘንድ ምን ይደረጋል? ጸበሉ ይጨመራል። ጠዋት የነበረውን ወደ ሥራ ስወጣም ደገምኩት። እጄን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ፣ በጣቴ ራሱን እየነካሁ፣ “ማርልኝ፣ ልጄን እሱን አታሳጣት” ብዬ ረጨሁት። እንደዚያ ከልቤ የጸለይኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እባብ የሚያይ ሐኪም ፈልገን ከሃቫና ስትሪት ወረድ ብሎ አገኘን። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ቀዩን በመዳፏ ይዛ አፉን አየች፣ አዳመጠች። የሳንባ ኢንፌክሽን ነው፣ ብዙ እርጥበት ውስጥ የኖረ ይመስላል አለች። ቀጥላም ሣጥኑ ውስጥ ውሃ የሚረጭ ሰው እንዳለ ጠየቀች።

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። “ኖ። ጀስት ሚ። እኔ ደግሞ ስፕሬይ አላደርግም።”

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ግድግዳው ላይ የኤሊ ሥዕል ነበር፤ እሱን አየሁ። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ኀፍረቱ አንድ ነገር ነው። ከኀፍረቱ የበለጠ ግን፣ ልጄ ጸበልን እንደ መርዝ እንዳታይ ፈራሁ። እዚህ አገር ተወልዳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእኔ ግፊት ነው። እናቴ በጸበል እባቤን ገደለችው ብላ ለጓደኞቿ ስታወራ ታየኝ። እምነቷን እየጠበቅኩላት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

መርጨቱን ያን ቀን አቆምኩ። ልጄ ሣጥኑን አደረቀች፣ ሐኪሟ መርፌ ሰጠችው። ረፍዶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ስትጮህ ሰማሁና ሮጬ ገባሁ። ቀዩ በጀርባው ተገልብጦ ነበር፤ ነጭ ሆዱ ያን ያህል ትንሽ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ከቤታችን ጓሮ፣ ነፋስ እየገረፈን፣ ጠንካራውን መሬት እኔ ቆፈርኩ። ልጄ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክካ፣ በደንብ ስላልያዝኩህ አይም ሶሪ አለችው። አካፋውን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። አለቀስኩ። ለእባብ ማልቀሴ ደስ ብሏት እጄን ያዘች።

አመድማውን በሳምንቱ ለአስተማሪዋ መለሰችው። ለምን ብላ ስትጠይቃት ልጄ ደብተሯን ሰጠቻትና በእንግሊዝኛ፣ ቀዩን እርጥበት ውስጥ አስቀምጬ ገደልኩት፣ የት ጋ እንደተሳሳትኩ አላውቅም፣ ይሄኛውም በእጄ እንዲሞት አልፈልግም አለቻት። አስተማሪዋ አቀፈቻት። እኔ የመኪና ቁልፌን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ስለ እንስሳት ሐኪምነት ከዚያ በኋላ አንሥታ አታውቅም።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። መጀመሪያ “እባብ?” ብለው ሳቁ። ጨርሼ ስነግራቸው ሳቃቸውን ተዉት።

“ጸበሉ ጠበቃ አይፈልግም፣ ልጄ” አሉኝ። “የደበቅሽው ራስሽን ነው። ሂጂና ንገሪያት።”

“እሺ፣ አባቴ” አልኳቸው። እሺ ማለት አያቅተኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው የማዶውን በር እመርጣለሁ።

ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር እዚሁ ሰፈር ያሉ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንዲት ሐበሻ ጎረቤታችን፣ ለሦስት ቀን ልጃቸው ጋ ስለሚሄዱ ድመታቸውን እንድታይላቸው ሊለምኗት መጡ። ልጄ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

“ለእኔ ባይሰጡኝ ይሻላል። አይም ኖት ጉድ ዊዝ ሊቪንግ ቲንግስ። ልጅ ሆኜ አንድ ገድያለሁ።”

እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን ፊቷ አልሳቀም። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ አላስችል አለኝ።

“አንቺ አልገደልሽውም” አልኳት።

ዞር አለችና አየችኝ። ላጽናናት የፈለግኩ መሰላት። መጥታ አቀፈችኝ፣ ጀርባዬን እያሸች፣ “ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ። ሪሊ። ቆይቷል እኮ” አለችኝ። እቅፏ ውስጥ ሆኜ ቀሪውን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ደህና ዋይ ብላኝ ወጣች።

ስለዚህ ጻፍኩት። እንግሊዝኛው አቅቶኝ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሕመምተኛ ሪፖርት የጻፍኩበት ነው። ልጄ አማርኛ ትናገራለች፣ ትሰማለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ያንን አውቄ ነው በአማርኛ የጻፍኩት።