ጠዋት የማይከፈት በር

አሮጌ ሕንፃ ፎቶ የማንሳት አባዜ የያዘኝ ኦክላንድ በገባሁ ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ መያዝ ሳይጀምር። ሥራዬ አጠገባችን ባለችው ኤመሪቪል፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ስለነበር ጠዋቱ የኔ ነበር። ጓደኞቼ ትልቁ ድልድይ ሥር ቆመው ፎቶ ሲነሱ እኔ ወደብ አካባቢ መስኮቱ በጣውላ የተመታ መጋዘን ፍለጋ ስዞር ያሾፉብኛል። "ልትገዛው ነው እንዴ?" ይሉኛል። ይሹፉ። ሰው ትቶት የሄደ ቤት ፊት መቆም ደስ ይለኛል። ያስፈራኛልም፤ ደስታውን ከፍርሃቱ ለይቼ አላውቅም።

ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ከኔ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኔ የሚጣፍጥ ሴት ናቸው። ከቀትር በፊት በራቸውን ለማንም አይከፍቱም፤ ፖስተኛም ይሁን ቄስ። አዲስ አበሻ ጎረቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነበር፦ እማማን ጠዋት እንዳታንኳኳ። ምክንያቱን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። መርዶ የሚመጣው ጠዋት ነዋ።

አንድ ልጅ ነበራቸው። አሜሪካ እንደገቡ ዳውንታውን አንድ አሮጌ ሆቴል ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል። ሆቴሉ እሳት ተነስቶበት ሰው ሁሉ በለበሰው ወጣ፤ በሩም ታሸገ። በዚያው ሳምንት ልጁ "መጣሁ" ብሎ እንደወጣ ቀረ። ፖሊስ ፈለገ፣ ቤተ ክርስቲያን ጸለየ፣ አንዱ ሳን ሆዜ አየሁት አለ። ዓመታት አለፉ። እማማ ግን መርዶ እስካልሰሙ ድረስ ልጃቸው አለ።

ፎቶ እንደማነሳ ሲሰሙ አንድ የእረፍቴ ቀን ከሰዓት አስጠሩኝ። "ልጄ፣ እዚያ ሆቴል ሂድና መስኮታችንን ፒክቸር አንሳልኝ። ሦስተኛው ፎቅ፣ ከጥግ ሁለተኛው።"

ሄድኩ። መስኮቱ ሁሉ ጥቁር ነው። የሳቸው ብቻ መጋረጃ ነበረው፤ ነጭ የነበረ፣ ጭስ የበላው። ፎቶውን ሳሳያቸው ጣታቸውን አሳረፉበት። "በእጄ የሰፋሁት ነው" አሉ። በሌላው ሳምንት ደግሜ አነሳሁ፤ መጋረጃው ገለል ብሏል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዘው ወደ ብርሃን አስጠጉ።

"ከፈተው" አሉ።

"ንፋስ ነው እማማ። መስታወቱ ተሰብሯል።"

"ንፋስም ቢሆን ይክፈተው። አንተ ምን አገባህ?"

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሄድ ጀመር። ፎቶ ይዤ ስገባ የታመመ ሰው ጠይቄ የመጣሁ ይመስል "ዛሬስ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ቀስ በቀስ ነገሩ እኔንም ነካካኝ። ካሜራውን ወደ መስኮቱ ሳቀና ጀርባዬን ይበርደኛል። መጋረጃው ካልተነቃነቀ እናደዳለሁ፤ ሲነቃነቅ ደግሞ ቶሎ አንስቼ እሄዳለሁ።

ሕንፃው ሊፈርስ ሲታጠር አንዱን ሠራተኛ ለምኜ ገባሁ። ሄልሜቱን አጥልቆልኝ "ቶሎ ውጣ" አለኝ። ውስጡ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ጭስ ጭስ ይላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሊፍቱ በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ ቀዝቃዛ አየር ይወጣበታል። አጎንብሼ ወደ ታች አየሁ። ምንም አይታይም። ጨለማውን አነሳሁት። ክፍላቸው ውስጥ አቧራው እንደ ዱቄት ተነጥፏል፤ የማንም ዱካ የለበትም። መጋረጃው ብቻውን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይላል። ያንንም አነሳሁ፤ ግን ለእማማ ላለማሳየት ወሰንኩ። ዱካ የሌለበት ወለል እንዴት ለእናት ይታያል?

የቀሩትን ሳሳያቸው ሊፍቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሊፍቱ ነው እማማ።"

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ይበርዳል" አሉ። ማሞቂያው እየሠራ ነበር። ክፍሉን አንስቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ሕንፃው ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ ከሰፈራችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ የልጁን ጉዳይ ከፖሊስ ጋር ሲከታተሉ የኖሩት፣ ደወሉልኝ። "ፖሊስ ኮል አድርጎኝ ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። "የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ አጽም አገኙ። አይዲው ኪሱ ውስጥ ነው። አጠገቡ የእናቱ ሻንጣ አለ።"

ከእሳቱ የተረፈ ሻንጣቸውን ሊያወጣላቸው ነበር የተመለሰው። እኔ ደግሞ ያንን ጉድጓድ አጎንብሼ አይቼዋለሁ፤ ብርሃኑን ለክቼ አንስቼዋለሁ። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ እንደሱ ያማረ የለኝም። አላጠፋሁትም፤ ግን ከፍቼ አላየውም።

"ነገ ጠዋት እንነግራቸዋለን" አሉኝ ሽማግሌው። "ለኛ አይከፍቱም። ላንተ ግን ይከፍታሉ። ፎቶ አመጣሁ በላቸው።"

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር፤ አፌ እሺ አለ። ሲነጋጋ ካሜራዬን አንግቼ ደረጃውን ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ኮቴያቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ ከኋላዬ ይከተሉኛል። እማማን ምን ብዬ እንደምጠራቸው፣ በየትኛው ድምፅ እንደምዋሻቸው አስባለሁ።

ማንኳኳት አላስፈለገኝም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሮቹ ከጎረቤት የመጡ ይመስል በዝተው ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ትይዩ ተቀምጠዋል።

"ግቡ" አሉን። "ቤቱ እንደሆነ ፈረሰ። ከእንግዲህ የት ይቆይልኝ?"