የአማል ሂና

አሶሳ ውስጥ ኸድራን የማታውቅ ሙሽራ የለችም ማለት ይቻላል። ሂና መቀባትን ከአክስቷ ከነዕማ ተምራ፣ የሰፈሩን እጅና እግር ስታስውብ ነው ያደገችው። ነገር የተበላሸው አንድ ቪዲዮዋ ቲክቶክ ላይ ከገነነላት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ እጇ ሂናው ላይ፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ሆነ። ላይክ የበዛላት ቀን ስትፈነጥዝ ትውላለች፤ ያነሰባት ቀን እህል ውሃ አይወርድላትም። «ምን ጎደለኝ?» ትላለች። ምንም አልጎደላትም እኮ!

የጎረቤቷ ልጅ አማል ልትዳር ስትል ኸድራ ተጠራች። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ሂናውን ቀባችና ስልኳን መስኮቱ ላይ አቁማ ላይቭ ገባች። ሂና ደግሞ ችኮላ አይወድም፤ ተጠቅልሎ ካልቆየ ቀለሙ አይዝም። ተመልካቹ ግን አላስችል አለው። «እጠቢውና አሳዪን!» የሚል ጽሑፍ ይዥጎደጎድ ጀመር። ሰው ጥሏት እየወጣ መሆኑን ስታይ ሂናው ሳይዝ አጠበችው።

የአማል እጅ የካሮት ውሃ የነካው መስሎ ብቅ አለ።

በሰፈሩ ሂናዋ ያልጠቆረ ሙሽራን አማቷ አትወዳትም ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል፤ ሰርጉ ግን ነገ ነው። አማል እጇን አይታ አለቀሰች። ሲያጨበጭብ የከረመው የስልክ ሕዝብ ደግሞ «ይሄ ሂና ነው ወይስ ድልህ?» እያለ ተሳለቀ። ኸድራ አንገቷን ደፋች። እንኳን ሂናዋ እሷ ራሷ የማትረባ መሰላት። «ሌላ ሰው ጥሩ፤ እኔ አልችልም» አለች ዕቃዋን እየሰበሰበች።

አማል እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ታላቅ እህቴን ያስዋብሻት አንቺ አይደለሽም? ታዲያ የኔን ለማን ትተሽ ነው የምትሄጂው? ቁጭ በይ!»

ኸድራ ስልኳን አጥፍታ ለአማል እናት ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም የማሽላ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ከተቱላት። አዲስ ሂና በሎሚ ለወሰች። ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል ቀባችና ሁለቱንም እጅ በጨርቅ ጠቀለለች። እጇ የታሰረ ሙሽራ እንግዲህ ሕፃን ናት። ኸድራ ገንፎ አጎረሰቻት፣ ውሃ አጠጣቻት፤ «አፍንጫዬን በላኝ!» ስትላትም አከከችላት። ላይቭ ስትል ለስንቷ ሙሽራ እንዲህ ሳትቀመጥላት ቀረች! ሆዳቸውን እስኪያማቸው ተሳሳቁ። ልቧ ላይ የከረመው ሸክም መቼ እንደወረደ እሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ጨርቁ ሲፈታ ሂናው ጥቁር ቀይ ሆኖ ወጣ። እናትየው እልል አሉ። ለሰርጉ የመጡት የኸድራ አክስት ነዕማም «ማሻአላህ! ይሄ ነው የልጄ እጅ!» ብለው የኸድራን መዳፍ ሳሙት። ኸድራም ልምድ ሆኖባት ስልኳን ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች፤ የለም። የአማል ሂና ሳይቀረጽ ቀረ፤ የቀረባት ነገር ግን አልነበረም። እፎይ አለች።

ሙሽራዋ ከተሸኘች በኋላ ዱቄት የለበሰው ስልክ ተመለሰላት። ገና ሳትከፍተው ከባምባሲ የመጣች ጋዲሴ የምትባል የሰርግ እንግዳ በሩ ላይ ያዘቻት።

«እህቴ ልትዳር ነው። ትመጪልናለሽ?»

«ቪዲዮም ትፈልጋላችሁ?»

«ቪዲዮ ምን ያደርግልናል?» አለች ጋዲሴ። «አማል ነግራናለች፤ እሷን እንዳጎረስሻት እህቴንም አጉርሺልን እንጂ!»