ጨው የነሰነስኩበት በረዶ

ሰው ካገሩ ሲወጣ በሌሊት፣ ዘመድ እያለቀሰ ነው ይባላል። እኔ ከባቲ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰኞ ገበያ መሀል ነው። ሌሊቱን ልንነሳ ነበር፤ እናቴም ዱዓ አድርጋልኝ፣ ተላቅሰን ከጨረስን በኋላ የጭነት መኪናው ጎማ ፈነዳ። እስኪጠገን ስድስት ሰዓት ሆነ። የተሰናበትኩትን ሰው ሁሉ ገበያ ላይ መልሼ አገኘሁት። «አልሄድክም እንዴ?» ይለኛል እያንዳንዱ፣ የሰጠኝን ስንቅ በዓይኑ እየፈለገ። መኪናው ሲነሳ የሚያለቅስልኝ አልነበረም፤ ሁሉም ድርሻውን ማታ ጨርሷል።

መጀመሪያ ሎጊያ ወረድኩ። ከመንገዱ ወዲያ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። ጥቂት ወራት ሻይና ጨው ሸጬ፣ የጥጥ እርሻ በአዋሽ ሸለቆ ተስፋፋ ሲባል በግመል ዱካ ላይ በጭነት መኪና እየተንገጫገጭኩ፣ ወደ አዋሽ ባቡር ጣቢያ በሚያወጣው መንገድ ካለ አንድ እርሻ ደረስኩ። ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። እኛ ጋ ቅቤ በቅጠል ይጠቀለላል፤ እዚህ በጠርሙስ ይሸጣል።

ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ቤቱ መስኮት የለውም» አልኳቸው።

«መስኮት ምን ያደርግልሃል? የሚገባው ሙቀት ነው።»

«ታዲያ ይሄኛው ሙቀት በየት ገባ?»

«እሱማ ካንተ በፊት የተከራየ ነው።»

ባዕድ አገር ሰው ያለ ሰው አይኖርም። የኔ ሰው ሐመዱ ነበር፤ ከብቶቹን በወንዙ ዳር የሚያሰማራ አፋር። ጨውና ቅቤ ከሱ እገዛለሁ፤ በሱ ስም በአገሩ እንደ ልቤ እሄዳለሁ። ዳጉን ያስተማረኝም እሱ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ የሚሉት ይሄንን ነው። ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደጠፋ። ዋሽተህ ከተገኘህ ከዚያ ወዲያ የሚሰማህ የለም። እኔ ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ውሸት የማይፈቀድበት ወሬ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ በጋ የሐመዱ ላሞች ይወድቁ ጀመር። ይንቀጠቀጣሉ፣ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፣ ይሞታሉ። ሐመዱ «ከጥጡ ማሳ ከሚወጣው ቦይ የጠጡት ናቸው የሚሞቱት። የተባይ መድኃኒት ሲረጩ አይተናል» አለ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ተላላፊ በሽታ ነው፤ ከብቶቹ ከወንዙ ዳር ይነሱ» አለ። ወንዙ ዳር ማለት የበጋ ሣር ማለት ነው። ሣሩ ከሄደ ሐመዱ የለም።

በእርሻው የከብት ክሊኒክ አቶ ጌታቸው የሚባል የጎንደር ሰው ነበር። አልኮልና ፓራፊን ሰም የማቀርብለት እኔ ነኝ። «ሰይድ፣ እስላም ሆነህ ይሄን ሁሉ አልኮል!» ይለኛል። «አንተም ክርስቲያን ሆነህ አትጠጣውም» እለዋለሁ።

«በሽታ ይሁን መርዝ መለየት ይቻላል፤ ግን ሥጋው ከብቱ እንደሞተ ወዲያው መወሰድ አለበት። ሰዓት ካለፈ በራሱ ይበሰብስና የሚያሳየን ሞቱን ብቻ ነው» አለ ጌታቸው።

ይህን ለሐመዱ ነገርኩት። ከዚያ መንቀጥቀጥ የጀመረች የወተት ላሙን ይዞ መጣ። ገና በእግሯ ትቆማለች፤ ትድን ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ቢስሚላህ ብሎ በገዛ እጁ አረዳት። ቢላዋውን እየጠረገ፣ «እውነቱን ታመጣልኛለህ?» አለኝ።

«አመጣለሁ» አልኩ።

ጌታቸው ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ከጉበቷ አውራ ጣት የሚያክሉ ቁራጮች ወስዶ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ ጨመረ። እነዚህ ውኃቸው በአልኮል ቀስ በቀስ ተመጥጦ፣ ሰም ጠጥተው፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ሳስተው ይቆረጣሉ፤ ከዚያ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ተቀብተው በተለመደው ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ቀጥሎ በምላጭ፣ ከምስር ክክ ያነሱ ፍርፋሪዎች ቆርጦ፣ ስሙን እስከ ዛሬ መጥራት በማልችለው ሌላ ፈሳሽ በትንንሽ ብልቃጦች አስቀመጠ።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ። እኛ ጋ የለም፤ ውጭ አገር ነው። ያኛው መንደሩን ያሳይሃል፤ ይሄኛው እያንዳንዱ ቤት ገብቶ ጓዳውን ያያል። ሁለቱ አንድ ነገር ከተናገሩ አለቃዬ የሚለው አይኖረውም። ብልቃጦቹ ግን ቀዝቃዛ ይሁኑ፤ ቀዝቃዛ እንጂ በረዶ ሆነው እንዳይረጉ።»

ከክሊኒኩ ፍሪጅ በረዶ አውጥቶ ቅዝቃዜ እንዲይዝ ሰጋቱራ የታጨቀበት ሳጥን ሞላና ብልቃጦቹን ቀበረበት። እኔ መኪና ልለምን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

«ለሥጋ ማመላለሻ መኪና የለንም።»

«ሥጋ አይደለም ጌታዬ፣ ናሙና ነው።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንግዲያማ ጭራሽ የለንም።»

በጥጥ መኪና፣ ጥጡ ላይ ተቀምጬ አዋሽ ጣቢያ አደረስኩት። ባቡሩ ዘግይቷል። ቀትር ሆነ፤ ሳጥኑ ይንጠባጠብ ጀመር። ተጨነቅኩ። አንዴ ለንግድ ሄጄ ድሬዳዋ ያየሁት አይስክሬም ሻጭ ትዝ አለኝ፤ በረዶው ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ ብርዱም ይብሳል። ጨው ደግሞ እኔ ጋ መቼ ጠፍቶ! ሁለት እፍኝ ነሰነስኩበት። እጄን ብከት አቃጠለኝ። በደስታ ከደንኩት። ፎርማሊኑ በረዶ ስለማያስፈልገው ለብቻው በጥጥ ተጠቅልሎ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ሁለቱንም ለጭነት ሠራተኛው አስረከብኩ።

ከወራት በኋላ መልሱ መጣ። ጌታቸው ጮክ ብሎ እየተረጎመ አነበበልኝ። ትልልቆቹ ቁራጮች በደንብ ታይተዋል፤ ጉበቱ የሞተበት ሁኔታ ከበሽታ ይልቅ መርዝ ያስጠረጥራል። ትንንሾቹ ግን ውስጣቸው በረዶ ሠርቶ በሳስቷቸዋል፤ ምንም ማለት አይቻልም። ፎቶውን አየሁት፤ ወንፊት ነው።

«ባቡሩ ላይ አንዱ ደንቆሮ አርግቶት ነው!» አለ ጌታቸው።

«ደንቆሮ መቼ ይጠፋል» አልኩ እኔ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየና፣ «ያስጠረጥራል ይላል። እኔም ብዙ ነገር እጠረጥራለሁ። በጥርጣሬ ቦይ አይዘጋም» አለ። ከብቶቹ እንዲነሱ ታዘዘ።

ሐመዱን ግራሩ ሥር አገኘሁት። ተቀመጥን፤ ዳጉ ጠየቀኝ። ስለ ጥጡ ዋጋ ነገርኩት፣ ስለ ባቡሩ ነገርኩት፣ በጭፍራ ዘንቧል መባሉን ነገርኩት። ይሰማል። የቀረውን እየጠበቀ ነው። ወረቀቱን ነገርኩት። አሁንም ይሰማል። ባቡሩን ላመካኝ አፌን ከፈትኩ፤ ወላሂ፣ እምቢ አለኝ።

«በረዶው ላይ ጨው ጨመርኩበት፤ ብልቃጦቹ ረጉ። የላምህን ግማሽ ምስክርነት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከአሁን አሁን ተነስቶ ይሄዳል ስል፣ «ጨውን ከማን ገዝተኸው ነበር?» አለኝ።

«ካንተ።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በዱላው መሬቱን ሲጭር ቆየና፣ «ለጌታቸው ነግረኸዋል?» አለ።

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያ ዳጉህ አላለቀም። ሂድ ጨርስ።»

ለጌታቸው ስነግረው፣ «አንተ ሰው፣ ላሚቱን ቋንጣ ልታደርጋት ነበር?» አለ። ከዚያ ፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ብልቃጦች ሰጠኝ። «እዚሁ ፍሪጄ ውስጥ ይቀመጡልህ። ሌላ ላም ከታመመች ይዘህልኝ ትሮጣለህ። በየጥቂት ወሩ ፈሳሹን እቀይርልሃለሁ።»

ሐመዱ ከብቶቹን ነድቶ ወደ ላይ፣ ቦዩ ወደማይደርስበት፣ ሣሩም እምብዛም ወደሌለበት ሄደ። እዚያ ከስተዋል፤ ግን አንድም አልሞተም። ሥራ አስኪያጁ «አየህ፣ በሽታው አብሯቸው ሄደ» አለኝ። ሐመዱ ግን በመንገደኛ አፍ መልእክት ልኮልኛል፤ ሣሩ ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል፣ ከብቶቹም ቦዩን ያገኙታል። «ያኔ ሰይድ እንዲኖር» ብሏል።

ባለፈው ጁምዓ ባቲ ደወልኩ። እናቴን ከቤት እስኪጠሯት ቆሜ ጠበቅኩ።

«ልጄ! አብሽር! ደህና ነህ? መቼ ነው የምትመጣው? በቆሎው እሸት ደርሷል።»

የእሸቱ ሽታ በስልኩ ሽቦ የመጣ መሰለኝ።

«እማ፣ ላም እየጠበቅኩ ነው።»

«ላም ገዛህ?»

«አልገዛሁም። የሰው ላም ነው። እስክትታመም ነው የምጠብቀው።»



«እንድትታመም ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም፣ እማ። በየሶላቱ እንዳትታመም ዱዓ አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ዱዓህ ከደረሰ መቼ ልትመጣ ነው?» አለችኝ።