ራሱን ይዘው ይምጡ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው። ከተመረቅኩ ገና አራት ወሬ ነበር። በችኮላ አንድ ቃል ተናገርኩ፣ በዚያ ቃል የተነሳ እስካሁን ያልሠራሁበትን ምስጋና ተሸክሜ እዞራለሁ። ለሰው ስነግረው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ደስ አይለኝም። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ የእብድ ውሻ በሽታን የሚከታተል አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከወገራም ይሁን ከደምቢያ፣ ከጭልጋም ይሁን ከስሜን፣ ሰው በውሻ ተነከሰ ሲባል ወሬው ወደ እኛ ይመጣል። የት፣ መቼ፣ የማን ውሻ ብለን እንመዘግባለን። ውሻው ሞቶ ከሆነ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይመጣል። ከአንጎሉ ትንሽ ወስደን መስታወት ላይ ቀብተን፣ ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ቫይረሱን በእኛ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። በአንጎሉ ሕዋሶች ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ቀይ ነጠብጣብ ግን ይታያል። እሱን ካየን በሽታው አለ ማለት ነው።

አለቃዬ ዶክተር መኩሪያ ይባላሉ። በዚህ በሽታ ምርምር ያሸበቱ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው አልወድም፤ አልዋሽም። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ሲመጣ ከሁሉ በፊት ውሻው አለ ወይስ ሞቷል ብለሽ ጠይቂ፤ ካለ እንዳይገድሉት፣ አስረው ይጠብቁት አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን የመጣው ሰው ሁሉ ውሻውን በዱላ ጨርሶ ነበር የሚመጣው። ሁለት ወር ያህል ጠየቅኩ፤ ከዚያ ሰለቸኝና ተውኩት።

አንድ ረቡዕ ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል አንድ ገበሬ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ስማቸው ደርሶ ነው፤ እኔ አያ ደርሶ እላቸዋለሁ። በዚያን ቀን ያልታየ መስታወት ተከምሮብኛል፣ መዝገቡም አልተሞላም። እሳቸው ደግሞ ነገሩን የጀመሩት ከገብስ አጨዳው ነው። አጨዳውን ትተው ስለ ውሻው እንዲነግሩኝ አቋረጥኳቸው። አንበሶ የሚባል የገዛ ውሻቸው ትናንት ቂጣ ስትሰጠው ሚስታቸውን ብርቄን እጇ ላይ ነክሷታል። ከአሁን በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ብርቄ ዛሬ ጠዋት ጠበል ገብታለች፤ እስከ ሰባት ቀን አትወጣም።

ጠበሉ አይከለከልም፣ ግን ቁስሏን በሳሙና ደህና አድርጋ ትጠብና መርፌ ለመወጋት ትምጣ አልኳቸው። እሱን ትተው ስለ ውሻውስ ምን ላድርግ አሉኝ። ከመዝገቡ ቀና ሳልል መለስኩላቸው።

"ራሱን ይዘው ይምጡ።"

"ራሱን?"

"አዎ ራሱን። ዛሬ ነገ እንዳይሉ።"

"ከባድ ነው እኮ የኔ ልጅ።"

"ከባድም ቢሆን።"

ከዚያ "ሸጋ" ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔ የከበዳቸው መቁረጡ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ውጭ ጩኸት ሰማሁ። ብወጣ ዘበኛችን አጥሩ ላይ ቆሟል። ሽማግሌ ነው፤ እንዴት እንደወጣ እሱም እስካሁን አያውቅም። በሩ ላይ አያ ደርሶ ቆመዋል። በእጃቸው ረጅም ዱላ ይዘዋል፤ በዱላው ጫፍ በጠፍር አንገቱ የታሰረ ጥጃ የሚያህል ቀይ ውሻ አለ። አፉ በሌላ ጠፍር ተጠፍሯል። ዱላው መሐላቸው ስለሆነ ውሻው ወደ እሳቸው መድረስ አይችልም። የጭነት ማኪና ሹፌሮች አንጭንም ስላሏቸው እንዲህ አድርገው ከአምባ ጊዮርጊስ በእግራቸው አምጥተውታል። ኮሶዬ ዘመድ ቤት አድረው፣ በወለቃ ገብተው፣ ከተማውን አቋርጠው ነው የመጡት። ሲያልፉ ፒያሳ ላይ ሰዉ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ገብቶ በር ዘጋ አሉ።

በጣም ደነገጥኩ። ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁ።

"ራሱን ነበር እኮ ያልኩዎት!"

አያ ደርሶ ቅር አላቸው። "ታዲያ ይኸው ራሱን። ምነው፣ የሌላ ሰው ውሻ ያመጣሁ መሰለሽ?"

ዘበኛው አጥሩ ላይ ሆኖ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። እኔ እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ላስረዳቸው ስል ዶክተር መኩሪያ ከኋላዬ ወጡ። ውሻውን ከሩቅ አዩት። ይበላል ወይ፣ ይጠጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለቱንም ያደርጋል ተባሉ። ወደ እኔ ጎንበስ አሉና በለሆሳስ "ዝም በይ፣ ራሱን አይደል ያመጡልሽ" አሉኝ። ለአያ ደርሶ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ደግ አድርገዋል፣ የሚደረገውም እንዲሁ ነው አሏቸው።

ውሻውን ግቢው ውስጥ ባለው የብረት ፍርግርግ ቤት አስገባነው። ዶክተር ነገሩን አስረዷቸው። ውሻው በነከሰ በአሥር ቀን ውስጥ ካልታመመ ብርቄ ደህና ናት። ከታመመ ግን በሽታው ወደ እሷ አልፎ ይሆናል፤ በሽታው አንዴ ከተነሳባት የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ስለዚህ ሳይጠብቁ ከዛሬ ጀምሮ ብትወጋ ይሻላል አሏቸው። አያ ደርሶ እንቢ አሉ። ውሻዬ ጤነኛ ነው አሉ። ሆድ ላይ አሥራ አራት መርፌ የተወጋች የጎረቤታቸውን ሴት አይተዋል፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ጠበሉስ ለምን ይፈርሳል?

እኔ አላስቻለኝም። "ሚስትዎ ትሙት ነው የሚሉት?" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

ዶክተር ግን አልተጨቃጨቁም። እንግዲያው እዚህ ይሰንብቱና ውሻዎን በዓይንዎ ይጠብቁ አሏቸው። ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ጠባዩ የተለወጠ ዕለት ግን ብርቄን ያመጣሉ። አያ ደርሶ በሚካኤል ስም ማሉ።

ሰውየው ከሄዱ በኋላ ለዶክተር የሚሰማኝን ነገርኳቸው። በሰው ነፍስ እየተጫወትን ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። "ጎትቼ አምጥቼ አልወጋትም። ባሏ ካላመነ አትመጣም" አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያን ቀን አልወደድኳቸውም።

አያ ደርሶ ቁስቋም የደብሩ መሪጌታ የሆነ የአጎታቸው ልጅ ቤት አረፉ። ጠዋት ጠዋት መጥተው ከፍርግርጉ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ያወሩታል። ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ብርቄ ይነግሩታል። ቅዳሜ ውሻው በላ፣ ጅራቱንም ቆላ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳቦ ይዘውለት መጡ፤ እሱንም በላ። እኔ ሳልፍ "እብዱ የታለ? እኔስ ስትጮሂ የማየው አንቺን ነው፤ እሱማ ዝም ብሎ ተኝቷል" አሉኝ። ዘበኛው በዚህም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ውሻው ጤነኛ ነው ወደ ማለቱ ደርሼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪውን ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀልድ የለም።

"አላወቀኝም" አሉኝ።

ምን ሆኖ ነው አልኳቸው። "ስሙን ጠራሁት። ዞሮ አየኝ፤ ግን እኔን አላየኝም።"

ሄጄ አየሁት። ውሃው እንደተቀዳ ነው። ብረቱን እየነከሰ ድዱ ደምቷል። ሲጮህ ድምፁ የእሱ አይመስልም፤ የሻከረ፣ የታነቀ ድምፅ ነበር። ዶክተር መጥተው አንዴ አዩና በራስዎ አወቁት አሏቸው። አያ ደርሶ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ወለቃ መንገድ እየሮጡ ወጡ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ብርቄን በጭነት ማኪና ይዘዋት መጡ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ጠበሉ ሰባት ቀን ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጠበል አጥማቂው ቄስ መጀመሪያ አልለቅም ብለው ነበር አለችኝ። አያ ደርሶ ግን በሽታውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ የገዛ ውሻዬ ረስቶኛል ሲሏቸው፣ ቄሱ ጠበሉን በጠርሙስ ቀድተው ሰጥተው ሸኟት። በየቀኑ ከመወጋቷ በፊት ከጠርሙሱ አንድ ጉንጭ ትጠጣለች። ድሬሰራችን መርፌውን ይዞ ይጠብቃታል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሆዷን ይዛ ስትወጣ አያ ደርሶን "የነከሰኝ ውሻው ነው ወይስ እነዚህ?" አለቻቸው። ሰባተኛው ቀን ላይ ደግሞ ድሬሰሩን፣ አምስት ልጅ ስወልድ ሆዴ ይህን ያህል አልተበደለም አለችው። ያም ሆኖ አንድም ቀን አልቀረችም። አያ ደርሶ ከቁስቋም ይዘዋት ይመጣሉ፣ ይዘዋት ይመለሳሉ።

ውሻው ረቡዕ ጠዋት ሞቶ አገኘነው። አንጎሉን ያየሁት እኔ ነኝ። ቀይ ነጠብጣቡ የትም ብመለከት ነበር፤ መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም። ዶክተርን ጠራኋቸው። አይተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን እየጠረጉ አንድ ነገር ተናገሩ።

"የነከሰ ዕለት ገድለውት ቢሆን ይህ ላይታይ ይችል ነበር። ነጠብጣቡ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።"

ገባኝ። ብርቄን በነከሰ ማግሥት እንዳሰብኩት ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቢመጣ ኖሮ መስታወቱን አያለሁ፣ ምንም አላገኝም፣ በውጤት ካርዱ ላይ በገዛ እጄ "የለበትም" ብዬ እጽፋለሁ። አያ ደርሶም ይህን ሰምተው ብርቄን ወደ ገብሷ ይመልሷታል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሥራ አራቱ መርፌ አለቀ፤ ብርቄ አገሯ ገባች። ጥር ላይ አያ ደርሶ አንድ አቁማዳ ሙሉ የገብስ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ብርቄ ደህና ናት፣ አልታመመችም አሉ። ግቢው ውስጥ ዘበኛውም፣ ድሬሰሩም፣ ሊመዘገቡ የመጡ ሰዎችም ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንበሶ ብርቄን የነከሰ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ እንደመጣ፣ ሁሉም ግደለው ግደለው ሲል እሳቸው እንዳስጣሉት ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"በማግሥቱ ይቺን ልጅ ጠየቅኩ። ከነነፍሱ አምጣው ያለችኝ እሷ ናት። ዕድሜ ይስጥሽ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ለልጆቼም ይድረሳቸው።"

እኔ ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አስተማሪዎቼን ሳይቀር አርሜ የተባረርኩበት ክፍል አለ። ያን ቀን ግን "አሜን" አልኩ። ዶክተር መኩሪያ አጠገቤ ነበሩ። አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ዓመት አልፎታል። ሰው ሲመጣ ውሻው አለ ወይስ ሞቷል ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብቸኩልም ተቀምጬ ከአጨዳው ጀምሮ እሰማለሁ። እሱ ተስተካክሏል። ያልተስተካከለው ያ አሜን ነው።

አያ ደርሶ ፊደል አልቆጠሩም። ሰፈራቸው ያለ አንድ ዲያቆን ግን ያገኘውን ጋዜጣ ሁሉ እንደሚያነብላቸው ብርቄ ነግራኛለች። ስለዚህ ይህንንም ያነብላቸዋል ብዬ ነው የጻፍኩት። አያ ደርሶ፣ እኔ ያልኩዎት ገድለው ጭንቅላቱን ቆርጠው እንዲያመጡልኝ ነበር። ውሻው በሕይወት ይኑር አይኑር አልጠየቅኩዎትም። ብርቄን ያተረፏት እርስዎ ነዎት፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግርዎ አምጥተውት፣ ሦስት ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። ቆሎውን በልቼዋለሁ፤ መመለስ አልችልም። ቢቀየሙኝ እውነትዎን ነው። ዳግመኛ ጎንደር ሲወርዱ ግን ጎራ ይበሉ፤ ይህን ከሰሙ በኋላ የሚሉኝን ከራስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።